አራተኛው ስም

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ አባይነህ፣ ቢቸና

አባቴ፣ በሰላምታ ልጀምር ብዬ ብዕር ሳነሳ ቁጣዬ ቀደመኝ። ሰላምታው ከታች ይመጣል፤ ይታገሡኝ።

የመስከረም ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ጉልበትዎ፣ ስለ ዘንድሮው ጤፍ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አጥር መፍረስ ሦስት ገጽ ጽፈውልኛል። እኔ የጠየቅኩዎት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰባት አባቶቼን ስም። አንዱንም አልጻፉልኝም። በስልክ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩዎት፤ ሦስቱንም ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ። የቢቸና ስልክ ጥያቄ እየመረጠ እንደሚቆረጥ አላውቅም ነበር።

እርስዎ ግን ጠይቀውኛልና እኔ ልመልስ።

ልጁ ማን ነው ላሉኝ፣ መስፍን ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር በሱዳን በኩል የመጣ ነው። አማርኛው ደህና ነው፤ ሲናደድ ብቻ እንግሊዝኛ ይገባበታል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። እናቱ ወይዘሮ ፀሐይ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ግን ከእኛው አውራጃ ናቸው ይባላል። ያገናኙን ጋሽ ባስልዮስ ናቸው። ከእርስዎ ሁለት ክፍል በታች የተማሩት ባስልዮስ፣ ዛሬ ዴንቨር ታክሲ የሚነዱት። እዚህ አባት ሆነው የቆሙልኝ እሳቸው ስለሆኑ ሽማግሌም የሚላከው ወደ እሳቸው ቤት ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ሃያ ሦስት ዓመት አሜሪካ ኖረው፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ተከራይተው ሆቴል ሲያጸዱ ልጅ አሳድገው፣ ዛሬም ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም ይላሉ። እኔም እሺ ብያለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የእሷን ወገን ሰባቱን እንደ ጸሎት አስጠንታኛለች። የእርስዎን ግን ማንም አስጠንቶኝ አያውቅም።

የምትማሪው ምንድን ነው ላሉኝ፣ ይህንንም ለአራተኛ ጊዜ። የጥንት ግሪኮች ቴያትር ነው። "ነርስ ብትሆኚ ምን ነበረበት" ብለዋል። ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን ቤት ውስጥ አዛውንት አጥባለሁ፤ ስለዚህ የምኞትዎ ግማሽ ሞልቷል።

የመመረቂያ ጽሑፌ በአንድ ቴያትር ላይ ነው። አምሳ እኅትማማቾች ከዓባይ ዳር ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው ግሪክ አገር ይደርሳሉ። የአጎታቸው ልጆች፣ እነሱም አምሳ፣ በግድ ሊያገቧቸው ስላሉ ነው የሸሹት። የአገሩ ንጉሥ ወጥቶ ያያቸዋል። ጠይም ናቸው፤ ልብሳቸው እንግዳ ነው፤ የኢትዮጵያ ጎረቤት ይመስሉታል እንጂ ግሪክ አይመስሉትም። እነሱ ግን ባዕድ አይደለንም፣ ወገኖችህ ነን ይሉታል። ከዚያ ዘር ይቆጥሩለታል። ከብዙ ትውልድ በፊት ከዚያው አገር የወጣች ሴት ነበረች፤ አምላክ ወደዳትና በአምላኩ ሚስት ቅናት ላም ተደረገች፤ ስትንከራተት ኖራ ዓባይ ዳር ወለደች፤ እኛ የእሷ ልጆች ነን ይላሉ። ንጉሡ ይጠይቃል፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ እሱ የሚያውቀው ተረትና የእነሱ ተረት ይገጥማል። በዚያ ብቻ ግሪክ ይሆናሉ። የምጽፈው ይህን ነው፤ ሰው ወገን የሚሆነው ተተርኮ ነው እያልኩ።

ፕሮፌሰሬ "ለዚህ ርእስ የተፈጠርሽ ነሽ" ትለኛለች። ለምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ለሌሎቹ ተማሪዎች እንዲህ አትልም። እነሱ ያነባሉ፣ እኔ እፈጠራለሁ።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይኸው። ጉልበትዎን በቅባት ያሹት፤ ልኬያለሁ። ሰባቱን ስም ይላኩልኝ።

ልጅዎ
የምሥራች


ቢቸና
ኅዳር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ የምሥራች፣

ቁጣሽንም ሰላምታሽንም በደረሱበት ተራ ተቀብያለሁ። ቅባቱ ጥሩ ነው፤ ሽታው ግን ዶሮዎቹን አባርሮብኛል።

ዝም ያልሁት ንቄሽ አይደለም። የስም ነገር እንዲህ በችኮላ፣ በፖስታ የሚላክ አይመስለኝም ነበር። አንቺ ግን እንደ እናትሽ ነሽ፤ የያዝሽውን አትለቂም። እንግዲህ ጻፊ፤ እኔ ሀብተጊዮርጊስ፣ አባቴ አባይነህ፣ አያቴ ወልደሚካኤል፣ ከዚያ ፊታውራሪ እንግዳሸት የሾላ ሜዳው፣ ናደው፣ ክንፉ፣ ዘገየ። ሰባት ሞላ።

ስትቆጥሪላቸው ቀና ብለሽ፣ ረጋ ብለሽ ቁጠሪ። ፊታውራሪ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፣ ዝቅም አታድርጊ። ከጠየቁሽ አታብራሪ። አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ የሚሳሳተው መልሱን ከጻፈ በኋላ ሲያብራራ ነው።

የእኔ ጥያቄ አንድ ናት። የልጁ እናት አባት ማን ይባሉ ነበር? የየትኛው ቀበሌ ሰው ናቸው? ይህን ሳትጽፊልኝ ሽማግሌ ይምጣ ብለሽ ቀን አትቁረጪ። አደራ።

ስላምሳዎቹ ልጃገረዶች የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ንጉሡ ያመናቸው ተረቱ ስለገጠመ ብቻ ነው ትያለሽ። ቆይ፣ ባይገጥምስ ኖሮ ምን ያደርጓቸው ነበር? ይህን ጻፊልኝ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ብርዱን ተጠንቀቂ።

አባትሽ
ሀብተጊዮርጊስ አባይነህ


ኦሮራ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባቴ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። የወይዘሮ ፀሐይን አባት ስም ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ግን አውቄዋለሁ፤ አገሩ በሙሉ አውቆታል።

ለሽማግሌው የተቆረጠው ቀን እሑድ ታኅሣሥ 15 ነበር። ከአራት ቀን በፊት የጀመረው በረዶ መኪናዎቹን እስከ መስኮታቸው ቀብሯቸው ነበር። ኤርፖርቱ ሳይቀር ተዘጋ። ጋሽ ባስልዮስ "ሽማግሌ በረዶ ፈርቶ ከቀረ ጋብቻው ቀድሞም አልነበረም" አሉ፤ እውነትም መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሱፋቸውን እስከ ጉልበት አርጥበው፣ አካፋ ይዘው። የወይዘሮ ፀሐይ ወንድም ጋሽ ወንድሙ ከኮታቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ወረቀት አወጡ። የቤተሰባቸው የዘር ሐረግ ነው፤ በኮምፒውተር ጽፈው፣ በላስቲክ አስለብጠውታል። ምግብ ቢፈስበት እንኳ ይጠረጋል ብለው አሳዩን።

እኔ ቆጠርኩ። እንዳሉኝ አድርጌ፣ ድምፄን ከፍም ዝቅም ሳላደርግ።

"ፊታውራሪ እንግዳሸት?" አሉ ጋሽ ወንድሙ። "የሾላ ሜዳው?"

"የሾላ ሜዳው" አልኩ።

"እሰይ! የእኛው ልጅ ናት እኮ!" ብለው ተነሥተው ሳሙኝ። ጋሽ ባስልዮስም "አላልኳችሁም? አንድ ወንዝ!" አሉ። ደስታው አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሦስተኛው ሽማግሌ በጣታቸው ወረቀቱን እየተከተሉ ወረዱ። ለመስፍን እናቱ ፀሐይ አንድ፣ የእሳቸው አባት ሁለት፣ የእሳቸው አባት ሦስት፣ ፊታውራሪ አራት። ለእኔም ፊታውራሪ አራት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰባት ሊሞላ ሦስት ይጎድላል" አሉ። "እኅትና ወንድም ናቸው።"

ጋሽ ባስልዮስ ሊያስቁን "አሥር ሺህ ማይል ተጉዘው የአጎት ልጅ አገኙ!" አሉ። ማንም አልሳቀም። ለቄሱ ተደወለ፤ አይሆንም አሉ። የጾም በያይነቱ ቀርቦ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱና ጋሽ ባስልዮስ ሳምንቱን ሙሉ ብቻቸውን በሉት።

መስፍን ደውሎ "ዲስ ኢዝ ክሬዚ፣ እብደት ነው" አለኝ። "በአራት ትውልድ የሚቀር ደም ምን ያህል ነው? ምንም!" አለ። እኔም ልክ ነህ አልኩት። ቀጥሎ "ግን እማዬ" አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ እኔም ጨርሰው አላልኩትም።

ይኸው እንግዲህ። አምሳዎቹ ልጃገረዶች ዘር ቆጥረው ከአጎታቸው ልጆች አመለጡ። እኔ ዘር ቆጥሬ እጮኛዬን የአጎት ልጅ አደረግኩት። ባይገጥምስ ምን ያደርጓቸው ነበር ብለውኛል። አላውቅም፤ የእኔ ግን ገጠመ፤ በመግጠሙ ነው የተጎዳሁት።

አሁን እርስዎ ይመልሱልኝ። ሽማግሌዎቹ ሲሰናበቱ ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ፊታውራሪ አምስት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ስማቸው፣ ሚስቶቻቸው፣ የተቀበሩበት ደብር ሳይቀር ተጽፏል። ወልደሚካኤል የሚባል የለም። "ከውጭ የተወለደ ይሆናል፤ ፊታውራሪ ወንድ ነበሩ" አሉኝ ጋሽ ወንድሙ፣ እየሳቁ። እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ነኝ፤ ፊትዎ ሳይታየኝ ደብዳቤዎ ውስጥ ላብዎ ይታየኛል። አታብራሪ ያሉኝ ለምንድን ነው?

ወልደሚካኤል ማን ነው?

የምሥራች


ቢቸና
ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ስድስተኛውን ፖስታ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ቤቴ ይዤው ከገባሁ እንደማልልከው ስለማውቅ ነው።

ወልደሚካኤል የፊታውራሪ ልጅ አይደለም። ከዓባይ ማዶ፣ ከቆላው፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቱ ሳለ ነጋዴዎች አምጥተው ለፊታውራሪ የሸጡት ልጅ ነው። ወልደሚካኤል የክርስትና ስሙ ነው። ቋንቋው ሌላ፣ ወገኑም ሌላ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም አባቴ ያውቀው ነበር፤ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ይህ ያለመጠየቄ ነገር ሌላ ቀን የሚወራ ነው።

በዚያ ቤት አደገ፤ በዚያ ቤት ሠራ። ፊታውራሪን "አባ" ይላቸው ነበር፤ በቤቱ ያለ አገልጋይ ሁሉ እንዲሁ ይላቸዋል። ነጻ ከወጣ በኋላ ልጁን፣ አባቴን፣ የኔታ ዘንድ ሲያስገባ "የአያቱስ ስም?" ተባለ። "እንግዳሸት" አለ። የኔታም ጻፉ። በቦታው የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው አልተቃወመም። አገር እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት ስምህን ይሰጥሃል፣ ዞር ስትል ይወስደዋል።

እኔ መምህር የሆንሁት በዚያ ስም ነው። እናትሽን ያገባሁትም በዚያ ስም ነው። ሰባት ቤት ሲቆጠር እኔ አራተኛው ላይ ስደርስ ቆምሁ። የእናትሽ አባት እያዩኝ "ቀጥል እንጂ" አሉኝ። ያውቁ ነበር ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም። እናትሽ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ሥጋ እየቆረጠች "አንተን ነው ያገባሁት" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላነሣነውም።

አንቺን ያላስጠናሁሽ ለዚህ ነው። ውሸቱን በአፌ ላስጠናሽ አልቻልሁም፤ እውነቱንም ልነግርሽ አልቻልሁም። የወይዘሮዋን ወገን አስቀድመሽ ጻፊልኝ ያልሁሽ ለዚህ ነበር። ከሾላ ሜዳ ያልሆነ ሰው ፊታውራሪን ቢሰማ ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ዴንቨር ላይ ሾላ ሜዳ ተቀምጦ የሚጠብቅሽ መሆኑን በምን ልወቅ?

አሁን ለምኜሻለሁ። ዘመድ ነሽ ካሉሽ ዘመድ ሁኚ። ባል ይገኛል፤ አንዴ የወጣ ነገር ግን አይገባም። እዚህ የአክስትሽ ልጆች አሉ፤ ለአቅመ ጋብቻ ደርሰዋል፤ ይህ ወሬ ከተሰማ ማን ያገባቸዋል? ይህን ደብዳቤ አንብበሽ አቃጥዪው።

አባትሽ


ኦሮራ
የካቲት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባቴ፣

አላቃጠልኩትም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት፤ የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ፤ ከመጨረሻው ፌርማታ ሾፌሩ መለሰኝ።

ስለ ወልደሚካኤል አንድ ጠብታ እንባ አልቅሻለሁ። የቀረው ሁሉ ንዴት ነው፤ ንዴቱም በእርስዎ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ዘርና ስለ ተረት ስጽፍልዎት፣ እርስዎ የኅዳርም የጥርም ብርድ እየጻፉ መለሱልኝ። ቤታችን ውስጥ ያለውን ቴያትር እኔ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ በባዕድ ቋንቋ ስፈልገው ዝም ብለው አዩኝ።

ደግሞ ስሌቱን አይተውታል? ዝም ካልኩ የፊታውራሪ ልጅ እሆናለሁ፤ መስፍንን በውሸት አጣለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ዝምድናው ይፈርሳል፤ በራሳቸው ሕግ መጋባት እንችላለን። እርስዎ "በዘርሽ ይንቁሻል" ይሉኛል። ይናቁኝ። የናቀ ሰው ቢያንስ የሚንቀውን በስሙ ይጠራል። እኔና እነሱ ከዚያ ጀምረን እንጣላለን፣ ወይ እንታረቃለን።

ለመስፍን ነግሬዋለሁ። "ኦኬ። አብሬሽ ነኝ። ግን ለእማዬ አንቺ ንገሪያት" አለኝ። እሑድ የካቲት 18 ቤታቸው እሄዳለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት ነገሩ አልፏል፤ ስለዚህ አይለምኑኝ።

የምሥራች


ኦሮራ
የካቲት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባቴ፣

ነገርኳቸው። ምን እንደሆነ ልጻፍልዎት፤ እስካሁን ለራሴም አልተጻፈልኝም።

የወይዘሮ ፀሐይ ቤት አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከተሠሩት አዲስ ቤቶች አንዱ ነው። እሳቸው፣ ጋሽ ወንድሙ፣ ጋሽ ባስልዮስ፣ መስፍን፣ እኅቱ ሔቨንም ነበሩ። ሔቨን እዚሁ የተወለደች፣ ሃያ አንድ ዓመቷ፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የዘር ሐረጉ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ለመባረር ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ለስድብ መልስ ነበረኝ፤ ለንቀት መልስ ነበረኝ፤ ለእንባም ነበረኝ።

"እንደገና ልቆጥር" አልኩ። "የምሥራች። ሀብተጊዮርጊስ። አባይነህ። ወልደሚካኤል።" ቆምኩ።

"እንግዳሸት በይ እንጂ" አሉ ጋሽ ወንድሙ፣ ጥናቷን ለረሳች ልጅ እንደሚያስታውሱ።

"አራተኛ ስም የለኝም" አልኩ። "ወልደሚካኤል ተገዝቶ የመጣ ልጅ ነበር። የገዙት ፊታውራሪ ናቸው። ስለዚህ እኔና መስፍን ዘመድ አይደለንም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእናንተ ወገን የሚያውቅ ካለ ደግሞ ንገሩኝ።"

ጋሽ ባስልዮስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የሚያውቁ መሆናቸውን ከጀርባቸው አየሁ።

"ይህን ክፉ ወሬ ማን ነገረሽ?" አሉ ወይዘሮ ፀሐይ።

"አባቴ።"

"አባትሽ አርጅተዋል፣ የእኔ ልጅ።"

ሔቨን ስልኳን አስቀመጠች። "ዌይት። ላይክ... ገዝተነው ነበር? ሰውዬውን?"

"ሔቨን!"

"ማም፣ አይም ጀስት አስኪንግ። ልጠይቅ ብዬ ነው።"

"ሂጂ ሻይ አምጪ!"

"ሻይ ማንም አልጠየቀም እኮ" ብላ ተነሣች።

ወይዘሮ ፀሐይ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጄን ያዙ። እጃቸው ሞቃት ነው። ክፉ ሴት ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። "እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም" አሉኝ። "አባቴ ይነግሩኝ ነበር፤ በፊታውራሪ ቤት ያደገ ሁሉ ልጅ ነው፤ ከልጆቻቸው ጋር አንድ ገበታ ይበላል። ወልደሚካኤል ልጃቸው ነው። አንቺም ልጃችን ነሽ።"

"ልጃቸው ከነበረ ወረቀቱ ላይ ለምን የለም?"

ጋሽ ወንድሙ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ላስቲኩ ላይ አልጽፍ አለ። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። "ማርከር አምጪ!" አሉ ወደ ኩሽና። ሔቨን ወፍራም ጥቁር ማርከር ይዛ መጣች። ከአምስቱ ልጆች ጎን ስድስተኛ መስመር አወረዱ፤ ወልደሚካኤል ብለው ጻፉ። ከሥሩ አባይነህ። ከሥሩ ሀብተጊዮርጊስ። "እኅት ወንድም ካለሽ ስማቸውን በኋላ ታስሞዪናለሽ" እያሉ ከሥሩ የምሥራች።

"ወይዘሮ ፀሐይ፣ ይስሙኝ" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሏል። "ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ልጅ ከነበረ እኔና መስፍን አንጋባም። ከተገዛ እንጋባለን። አንዱን ይምረጡ። አንዲት ቃል ናት፤ ተገዝቷል ይበሉኝና ልጅዎን ልውሰድ።"

አዩኝ። እንባቸው መጣ። መረጡ። "ዘመዳችን ነሽ!" ብለው እልል አሉ፤ አንገቴን አቅፈው ግራና ቀኝ ሳሙኝ። ጋሽ ወንድሙ ተከተሉ። ጋሽ ባስልዮስ እንኳ መጥተው ሳሙኝ፤ ጺማቸው እርጥብ ነበር። ተቃቅፈን ሳለ በወይዘሮ ፀሐይ ትከሻ ላይ መስፍንን ፈለግኩት። ሶፋው አጠገብ ቆሟል። እናቱን እያየ ነው፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ዕረፍት ነበር። እናቱ ማንንም ሳይረግሙ፣ ማንም ሳይጮህ ነገሩ በማለቁ ያረፈ ሰው ፊት።

ለመታቀፍ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር።

የምሥራች


ቢቸና
መጋቢት 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ የምሥራች፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ጎረቤት እስኪሰማ አለቀስሁ። ሐዘን እንዳይመስልሽ። ስልሳ ስድስት ዓመት ስፈራው የኖርሁትን ነገር እነሱ ራሳቸው፣ በራሳቸው እጅ ጻፉት! አያቴ አፉን ሞልቶ "እንግዳሸት" ካለበት ቀን ጀምሮ ሦስት ትውልድ ሌባ ነበርን። እንግዲህ ማንም ሌባ አይለንም። ተጽፏል።

መስፍን ይቅር። ልጁ መጥፎ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ግን ይቅር። አንቺ ለቤታችን ያደረግሽውን እኔ በአርባ ዓመት ጠመኔ አላደረግሁትም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የዚያን ወረቀት ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ትልቅ አድርገሽ አሳጥበሽ። የወልደሚካኤል ስም በግልጽ ይታይ። ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

አባትሽ
ሀብተጊዮርጊስ አባይነህ


ኦሮራ
ሚያዝያ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባቴ፣

መስፍን ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ እኔ አፓርታማ መጣ። ፍርድ ቤት ሄደን በጸጥታ እንጋባ፤ ለእማዬ ከጊዜ በኋላ እንነግራታለን አለኝ። እሺ፣ ግን አስቀድመህ አንድ ነገር አድርግልኝ አልኩት። "እናትህ ፊት ቆመህ 'ወልደሚካኤል ተገዝቶ ነበር' በላት። ሌላ ምንም አትጨምር።"

"እማዬ እኮ ናት" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ዋይ ዱ ዩ ኒድ ዲስ? ምን ይጠቅምሻል?"

ከዚህ ሌላ ምንም እንደማልፈልግ ነገርኩት። ጫማውን ሲያስር ቆየ። ሲወጣ ተሳስቶ ይሁን አስቦበት አላውቅም፣ "ደህና ሁኚ እኅቴ" አለኝ። በሩን እኔ ዘጋሁት።

ጽሑፌን ገና አላስገባሁም፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና እየጻፍኩ ነው። ቀድሞ ስለ ልጃገረዶቹ ብልኅነት ነበር የጻፍኩት። አሁን ስለ ንጉሡ እጽፋለሁ። ጥያቄውን የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ወገን የሚሆኑት እሱ የሚያውቀው ተረት ውስጥ ስማቸው ከተገኘ ብቻ ነው። ከዓባይ ዳር ያለውን ሕዝባቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ እዚያ የቀሩትን እናቶቻቸውን ማንም አይጠይቃቸውም። ፕሮፌሰሬ ረቂቁን አይታ "ተናደሽ የጻፍሽው ይመስላል" አለችኝ። ተናድጄ ነው የጻፍኩት አልኳት።

ፎቶግራፉን ጠይቀውኛል። በመጀመሪያ አልልክም ብዬ ነበር። በኋላ ወደ ጋሽ ወንድሙ ደወልኩና መስመሩን ያጥፉልኝ አልኳቸው። "ልጄ፣ ማርከሩ እኮ አይለቅም" አሉኝ፣ በሐዘኔታ። እኔ በምሠራበት አረጋውያን ቤት ልብስና ዕቃ ላይ ስም የምንጽፈው በዚያው ዓይነት ማርከር ነው። በአልኮል ይለቃል። ባለፈው እሑድ አንድ ጠርሙስና ጥጥ ይዤ ሄድኩ።

ወይዘሮ ፀሐይ እንደ ዘመድ ሳሙኝ። ወረቀቱን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ወንበር ስቤ ላዩ ላይ ወጣሁ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያረምኩ ነው።"

ስሞቹን አልነካሁም። ከፊታውራሪ ወደ ወልደሚካኤል የወረደችውን መስመር ብቻ ጠረግኩ። ጥጡ ጠቆረ። ወይዘሮ ፀሐይ "ምን አደረግንሽ? ወደድንሽ እንጂ ምን አደረግንሽ?" እያሉ ከታች አለቀሱ። ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ከልባቸው ነው። ሔቨን ወንበሩ እንዳይወድቅ ያዘችልኝ። መስፍን ከበር ቆሞ ነበር። ላድርስሽ አለኝ። በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ፎቶግራፉ ከደብዳቤው ጋር አለ፤ እንዳሉኝ ትልቅ አድርጌ አሳጥቤዋለሁ። ለአክስቴ ልጆች ያሳዩአቸው። ከወልደሚካኤል በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ግድግዳዎ ላይ መስቀልና አለመስቀሉ የእርስዎ ነው።

የምሥራች ሀብተጊዮርጊስ አባይነህ ወልደሚካኤል